ምዕራፍ 6፦ የሚያስርና የሚፈታ ቃል

«ነገር» የሚለው ቃል

አማርኛ «ነገር» በሚለው አንድ ቃል ሦስት ጉዳዮችን ይጠራል። «አንድ ነገር ልንገርሽ» ሲባል ነገር ንግግር ነው። «ከሱቅ አንድ ነገር ገዝቼ ልምጣ» ሲባል በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው። «ነገር ፈላጊ» ሲባል ደግሞ ጠብ ነው፤ በዳኛ ፊት የሚቆም ሙግትም ነገር ይባላል። የቃሉ ሥር የግእዙ «ነገረ» ነው፤ መናገርን ያመለክታል። ብሉይ ኪዳን በተጻፈበት በዕብራይስጥም «ዳባር» የሚለው ቃል እንዲሁ ንግግርንም ነገርንም በአንድነት ይይዛል። በእነዚህ ቋንቋዎች ከአፍ የወጣ ቃል በአየር ላይ ተኖ አይቀርም። እንደ ድንጋይ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ ይደገፈዋል፣ ሌላው ይደናቀፍበታል።

ክርስትና ስለ ዕለት ተዕለት ንግግር የሚያስተምረው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ባለፈው ምዕራፍ ጾም ወደ አፍ የሚገባውን እንዴት እንደሚገራ ታይቷል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ደግሞ ጌታ ሰውን የሚያረክሰው ወደ አፍ የሚገባው ሳይሆን ከአፍ የሚወጣው መሆኑን ያስተምራል። በቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓም ከሆድ ጋር ዓይን፣ ጆሮና አንደበት እንዲጾሙ ይዘመራል። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ በዚያው የአፍ በር ላይ ቆሞ ከአፍ ወደሚወጣው ፊቱን ያዞራል። የሚይዘውም አንድ ሐሳብ ነው፦ ንግግር ሥራ ነው፣ ሥራውም ማሰርና መፍታት ነው።

ንግግር ሥራ መሆኑን የቋንቋ ፈላስፎችም በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። እንግሊዛዊው ጆን ኦስቲን በ1955 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሰጣቸው ትምህርቶች፣ አንዳንድ ዓረፍተ ነገሮች ስለ ድርጊት የሚያወሩ ሳይሆኑ ራሳቸው ድርጊት እንደሆኑ አሳይቷል። «ዝናብ እየዘነበ ነው» የሚል ሰው ስለ ዝናቡ ይናገራል፤ ተናገረም አልተናገረም ዝናቡ ይዘንባል። «ቃል እገባለሁ» የሚል ሰው ግን በዚያች ቅጽበት ቃሉን እየገባ ነው፤ ካልተናገረው የተገባ ቃል የለም። እንዲህ ያለውን ፈጻሚ ንግግር ማለት ይቻላል፤ በመነገሩ ብቻ አንድ ሥራ የሚፈጽም ንግግር ማለት ነው። አማርኛ ይህን በግሡ ቅርጽ ሳይቀር ያሳያል። «መርቄሃለሁ»፣ «ይቅር ብዬሃለሁ»፣ «ገዝቼሃለሁ» (በእግዚአብሔር ስም ከልክዬሃለሁ ማለት ነው) ሲባል ግሡ ያለቀ ድርጊት ነው። ቃሉ ተነግሮ ሲያበቃ ሥራውም አብሮ አብቅቷል።

ከአዲስ አበባ በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራም የዚህ ምስክር ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስ ዳግማዊ ምኒልክን በእንጦጦ ማርያም ቀብተው ዘውድ ጫኑላቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የገቡትና የወጡት አንድ ሰው ናቸው፤ መልካቸውም ቁመታቸውም አልተለወጠም። በመካከሉ በተፈጸመው ቅባት፣ ጸሎትና ቃል ግን አንድ አገር ከእሳቸው ጋር ያለው ግንኙነት ተለወጠ። ትልቁ ሥርዓት የሚያሳየውን ኃይል የየዕለቱ ንግግርም በልኩ ይዞታል። ልዩነቱ የየዕለቱን ማንም ልብ ብሎ አለማየቱ ነው።

የእንጦጦ ሸክም

ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጫካ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ የማገዶ እንጨት የተሸከሙ እናቶችን ማየት ለብዙ ዘመን የተለመደ ነው። ሸክሙ እንዴት እንደሚታሰር ጠጋ ብሎ ማየት የዚህን ምዕራፍ ሐሳብ ያቀልላል። ጭራሮውና ቅርንጫፉ አንድ ላይ ይደረደራል፤ ገመዱ በሥሩ ያልፋል፤ እንጨቱ በጉልበት ተጭኖ ገመዱ ይጠብቅና ይቋጠራል። ተሸካሚዋ ጀርባዋን ለሸክሙ ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ገመዱን በትከሻና በደረቷ ላይ አሳልፋ «አሸክሚኝ» ትላለች። ጓደኛዋ ከኋላ ትደግፋታለች፤ ተሸካሚዋም ጎንበስ ብላ ትነሣለች። ቁልቁለቱን ሁሉ እንጨቱን አንድ አድርጎ የሚያወርደው ገመዱ ነው። ከላላ እንጨቱ በየመንገዱ ይንጠባጠባል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ትከሻ ይልጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ማረፊያ ላይ ሲደረስ የሚባለው ሌላ ነው፦ «አውርጂኝ»።

ቃል እንደዚያ ገመድ ነው። መጀመሪያ ተናጋሪውን ራሱን ያስራል፤ መሐላ፣ ስእለትና ተስፋ መስጠት በዚህ ሥር ይወድቃሉ። ሁለተኛ ሌላውን ያስራል፤ ስድብ፣ እርግማንና ሐሜት የሰውን ስም ጠፍረው ይይዛሉ። ሦስተኛ የታሰረውን ይፈታል፤ ምርቃት፣ ይቅርታና ኑዛዜ ሸክም የሚያወርዱ ቃላት ናቸው። «በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ» የሚለው ብሂል የመጀመሪያውን ብቻ ይናገራል። የክርስትና ትምህርት ሦስቱንም ይዞ በየተራ ይመዝናል።

«ራጉኤልን!»

በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በተተከለው የቅዱስ ራጉኤል ደብር፣ ዓመታዊው በዓል የሚከበረው መስከረም 1 ነው። በየወሩ በመጀመሪያው ቀንም ከልደታ ጋር ይታሰባል። ስሙ ግን ከወርና ከዓመት በዓሉ ይልቅ በብዛት የሚጠራው በመሐላ ነው። ከተራራው ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቆች፣ ገዢዋ የነጠላውን ጥለት በጣቷ እየዳሰሰች ዋጋ ስትቀንስ ሻጩ «ራጉኤልን! በዚህ አልመጣልኝም» ይላል። እሷም «ማርያምን! ሌላ ገንዘብ አልያዝኩም» ትላለች። ሁለቱም መሐላ መማላቸውን ልብ ሳይሉ ይገበያያሉ።

በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ያለውን ለማየት ሰዋስው ይረዳል። «ራጉኤልን» በሚለው ላይ ያለችው «ን» ድርጊት የሚያርፍበትን ስም የምታሳይ ናት፤ «በሩን ዘጋ» እንደሚባለው። በመሐላው ግን ግሡ የለም። ሙሉው ሐሳብ «ራጉኤልን ምስክር አድርጌ እጠራለሁ» የሚል ነው። ቅዱስ ራጉኤል ደግሞ መጽሐፈ ሄኖክ ፍርድ ከሚያስፈጽሙ ቅዱሳን መላእክት ጋር የሚያነሣው ነው። ለአንድ ነጠላ ዋጋ የፍርድ መልአክ ተጠርቶ በሱቅ በር ይቆማል ማለት ነው። ሻጩ እውነቱን ከሆነ የተጠራው ምስክር ለማይገባው ጉዳይ ተጠርቷል። ካልሆነ በሐሰት ላይ እንዲቆም ተጠርቷል። የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ መጥራት የሚከለክለው ትእዛዝ ሁለቱንም ያያል፤ ከንቱ ማለት ሐሰት ብቻ አይደለም፣ ቀላልም ባዶም ማለት ነው።

ሌላው ዓይነት መሐላ በሞት የሚደረገው ነው፤ «እናቴ ትሙት»፣ «ልጄ ይሙት»፣ «አንተ ሙት»። ይህ በባንክ አሠራር ሊገለጽ ይችላል። ገንዘብ የሚበደር ሰው ቤቱን መያዣ ያደርጋል፤ ካልከፈለ ቤቱ ይወሰዳል። «እናቴ ትሙት» የሚል ሰው እናቱን መያዣ አድርጎ አቅርቧል። ነገር ግን መያዣ የሚሆነው የራስ ንብረት ነው፤ የጎረቤትን ቤት ሳይጠይቁ አስይዞ መበደር ወንጀል ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታ መሐላን ሲከለክል የሚያቀርበው ምክንያት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሰማይ የእግዚአብሔር ዙፋን ነው፣ ምድር የእግሩ መረገጫ ናት፣ ኢየሩሳሌም የታላቁ ንጉሥ ከተማ ናት። የገዛ ራስ እንኳ የሰውየው አይደለም፤ አንዲት ጠጉሩን ነጭ ወይም ጥቁር ማድረግ አይችልምና። የሚምል ሰው የእሱ ያልሆነውን እያስያዘ ነው። ስለዚህ የክርስቲያን ቃል አዎን ወይም አይደለም ሆኖ ያለ መያዣ እንዲታመን ታዝዟል።

ይህ ትእዛዝ የሚጠብቀው ከቅጣት ብቻ አይደለም፤ የቃልን ዋጋም ይጠብቃል። ቋጠሮ የበዛበት ገመድ ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ገመድ ነው። በየዓረፍተ ነገሩ የሚምል ሰው ሳያውቀው የሚናገረው አንድ ነገር አለ፤ ያልማለበት ንግግሩ እንደማይታመን ራሱ እየመሰከረ ነው። ሰሚውም ይለምደዋል፤ ትናንት «ማርያምን» ሲባል ያመነው ዛሬ «ማርያምን ስልህ፣ እናቴ ትሙት ስልህ» እስኪባል ይጠብቃል። መሐላው እየከበደ በሄደ ቁጥር እውነቱ እየቀለለ ይሄዳል።

«በሕግ አምላክ!»

ታዲያ መሐላ ፈጽሞ አይገባም? አብያተ ክርስቲያናት በዚህ አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። በአውሮፓ የተነሡት ሜኖናይቶችና ኩዌከሮች የጌታን ቃል ቃል በቃል ይዘው በፍርድ ቤት እንኳ አንምልም ብለዋል። አብዛኞቹ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ግን በዳኛ ፊት፣ ለከባድ ጉዳይ፣ ለእውነት የሚደረገውን መሐላ ፈቅደዋል። የኢትዮጵያ የቀድሞ ፍትሕ ልማድም ይህን ይመስላል።

በዚያ ልማድ በደል የደረሰበት ሰው በዳዩን በጉልበት መያዝ አይጠበቅበትም ነበር። «በሕግ አምላክ!» ወይም በንጉሡ ስም «በምኒልክ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ ተከሳሹ ባለበት ይቆማል። የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ቁራኛ ይሆኑና አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። አንዲት የጥጥ ቋጠሮ ጎረምሳን አትይዝም፤ በአንድ መነጨቅ ትበጠሳለች። የያዘው የተጠራው ስም ነበር። ያ ቃል ክብደቱን የጠበቀው ለጠፋ ገንዘብ፣ ለፈሰሰ ደም፣ ለተነጠቀ መሬት የሚወጣ እንጂ በየሰዓቱ የሚወጣ ስላልነበረ ነው። ዛሬም በጠብ መካከል «በሕግ አምላክ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሰው እጁን ይሰበስባል።

ስእለትና «መንገድ ላይ ነኝ»

ስእለት ለእግዚአብሔር የሚገባ ቃል ነው። ልጇ የታመመባት እናት «ልጄን ብታድንልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ትላለች፤ ልጁ ሲድን ጃንጥላው ወይም መጋረጃው በእልልታ ወደ ደብሩ ይገባል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ቃሉ እንደ ብድር ተቆጥሮ ተከፍሏልና። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 5 ግን ያስጠነቅቃል፤ ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል ይሻላል። በጭንቅ ጊዜ የገመዱ ጫፍ ወደ ሰማይ ይወረወራል፤ ጭንቁ ሲያልፍ ያ ገመድ አሁንም በእጅ ላይ ታስሯል።

ለሰው የሚገባው ትንሽ ቃልም ሥራው ያው ነው። ታክሲ ተራ የቆመ ጓደኛውን ገና ከቤቱ ሳይወጣ «መንገድ ላይ ነኝ» የሚል ሰው፣ ጓደኛውን በዚያች ቃል በፀሐይ ላይ አስሮታል። «እደውልልሻለሁ» ብሎ የማይደውል፣ «ነገ እከፍላለሁ» ብሎ ስልኩን የሚዘጋ ሁሉ በሰው ጊዜና ተስፋ ላይ ቋጠሮ አስሮ ሄዷል። አማርኛ እንዲህ ያለውን «ቃሉን አጠፈ»፣ «ቃሉን በላ» ይለዋል፤ ቃሉ የሚታጠፍና የሚበላ ነገር ሆኖ ይታያል።

«እግዜር ካለ» የሚለውም በዚህ ቦታ ይመዘናል። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 4 ነገን በእጁ እንደያዘ የሚያቅደውን ነጋዴ ይገሥጻል፤ ጌታ ቢፈቅድ ማለትን ያስተምራል። በትሕትና ሲነገር «እግዜር ካለ» የሰውን ልክ ማወቅ ነው። ላለመምጣት አስቀድሞ የወሰነ ሰው ሲናገረው ግን የራሱን ስንፍና በእግዚአብሔር ፈቃድ ላይ መለጠፍ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ተናጋሪው ሊፈጽም አስቦ ወይም ላለመፈጸም አስቦ መሆኑ ላይ ነው። በምዕራፍ 4 ኅሊና የውስጥ ምስክር መባሉ ለዚህ ነው፤ ይህን ልዩነት ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ጸሎት የሆነ ሰላምታ

የአማርኛ የጨዋነት ንግግር በአብዛኛው ጸሎት ነው። «እንደምን አደርክ?» ሲባል መልሱ ስለ እንቅልፍ አይደለም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ውስጥ ያልተጠራ ሰጪ አለ፤ እግዚአብሔር ጤና ይስጥልኝ ማለት ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ደግሞ ከምስጋና ሁሉ ጥልቅ ነው። «ልኝ» የሚለው ክፍል «በእኔ ፈንታ» የሚል ትርጉም ይሰጠዋል። ተናጋሪው ለተደረገለት ውለታ የሚመጥን መክፈያ እንደሌለው አምኖ ዕዳውን ወደ ማያልቅበት ከፋይ ያስተላልፋል። ለወለደች «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ ላስነጠሰው «ይማርህ»፣ ለሞተ «ነፍስ ይማር»፣ ላዘነ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይባላል። አማኙ ከማለዳ እስከ ማታ ሳይንበረከክ ሲጸልይ ይውላል።

የዚህ ሀብት አደጋ ልማድ መሆኑ ነው። በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ሲዘረጉ አላፊው «እግዜር ይስጥዎት» ብሎ ያልፋል። ቃሉ ምርቃት ነው፤ ትርጉሙ ግን «እኔ አልሰጥም» ሆኗል። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ስለዚህ ዓይነቱ ንግግር በግልጽ ይናገራል፤ የተራቆተንና የተራበን ሰው በሰላም ሂድ፣ ሙቅ፣ ጥገብ ብሎ ለአካሉ የሚያስፈልገውን አለመስጠት ምንም አይጠቅመውም። መፍትሔው ቃሉን መተው አይደለም። ያለው ሰው ቃሉን በእጁ ይፈጽመዋል። የሌለው ደግሞ ቆም ብሎ፣ ፊታቸውን አይቶ፣ እንደ ጸሎት ሊናገረው ይችላል። ያን ጊዜ «እግዜር ይስጥዎት» እንደገና ጸሎት ይሆናል።

የቡና ቁርስ

ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራራል። አቦል ተቀድቶ፣ ቆሎው ወይም ፈንዲሻው ቀርቦ፣ ዕጣኑ እየጤሰ ጨዋታ ይደራል። ይህ ኅብረት ብዙ ሰው ከብቸኝነት የሚድንበት ነው። በመካከሉ ግን አንዲቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሐሜት አይሁንብኝና…» ስትል፣ በዚያ ያልተቀመጠች ሴት ስም የቡና ቁርስ ሆኖ ይቀርባል። ይህች መግቢያ ብዙ ትናገራለች። ተናጋሪዋ የምትለው ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ኅሊናዋ ስሙን ነግሯታል። «ለሰው አትንገሪ እንጂ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሰሚዋ እንድትጠብቅ የምትለመነውን ምሥጢር ተናጋሪዋ ራሷ በዚያች ሰዓት እየፈታችው ነው።

እዚህ ላይ ቃላትን መለየት ይጠቅማል። ስም ማጥፋት በሰው ላይ ሐሰት መናገር ነው። ሐሜት ግን እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ ባለቤቱ በሌለበት፣ ማንንም ለማዳን ሳይሆን ለጨዋታ ማሳመሪያ መነገሩ ነው። «የሌለባትን መች አልኩ?» የሚለው መከላከያ ስለዚህ አይበቃም። ነገር ማመላለስ የአንዱን ቃል ወደ ሌላው ወስዶ ጠብ መዝራት ነው። አሽሙር ደግሞ ባለቤቱ ባለበት፣ ሌላ ነገር የሚነገር አስመስሎ መውጋት ነው። አማርኛ በሰምና ወርቅ የበለጸገ ቋንቋ ነው፤ ቅኔ ያን ጥበብ ለእግዚአብሔር ምስጋና ሲያውለው ወርቁ ከሰሙ ሥር ያበራል። በአሽሙር ግን ከሰሙ ሥር የተደበቀው መርዝ ነው፤ ሲያዝ «እኔ ምን አልኩ?» ለማለት የተሠራ ንግግር በመሆኑም ከግልጽ ስድብ ይልቅ ለንስሐ ይቸግራል።

ስለሌለ ሰው መናገር ሁልጊዜ ኃጢአት ነው ማለት አይደለም። ለተናገሩለት ሰው እርዳታ ለማምጣት፣ ሊጎዳ ያለውን ለማስጠንቀቅ፣ ወይም በዳኛና በሽማግሌ ፊት ለመመስከር የሚነገር ቃል ግዴታ ሊሆን ይችላል። የባሏን ዱላ የምትችል ጎረቤት ጉዳይ «ሐሜት እንዳይሆን» ተብሎ ሲደበቅ ዝምታው ራሱ የበዳዩ ገመድ ይሆናል። ከዚህ ውጭ ላለው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 መንገዱ ተሰጥቷል፤ የበደለውን ወንድም መጀመሪያ ለብቻው ሄዶ መንገር ነው። ለብቻው ሲነገርም የቆላስይስ መልእክት እንደሚመክረው በጨው እንደተቀመመ ይሁን። ጨው የሌለው ወጥ አይበላም፣ የበዛበትም አይዋጥም። እውነት የሌለው ምክር ሽንገላ ነው፤ ፍቅር የሌለው እውነትም ጉሮሮ ላይ ይቆማል።

የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 3 አንደበትን ትልቅ ጫካ በምታቃጥል ትንሽ እሳት ይመስላል። ይህ ምሳሌ በእንጦጦ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በቅጠሉ ውስጥ ቶሎ የሚቀጣጠል ዘይት አለው፤ የተላጠው ቅርፊቱና የረገፈው ቅጠሉ በበጋ ደርቆ ከሥሩ ይከመራል። ክብሪት የጣለው ሰው ጫካውን አላሰናዳም፤ ጫካው ተሰናድቶ ቆይቶታል። ሐሜትም በቅናትና በቆየ ቂም ደርቆ በተከመረ ልብ ላይ ሲወድቅ ነው የሚነድደው። ስለዚህ የሚሰማም ሰው ድርሻ አለው፤ ርጥብ መሬት ላይ የወደቀ እሳት ይጠፋል። «እስቲ እሷ ትምጣና ትናገር» የምትል አንዲት የቡና ተጣጪ ብዙ ቤት ታድናለች።

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚለው ብሂል ቀድሞም እውነት ነበር፤ በስልክ ዘመን ደግሞ አፋፉ ወሰን የለውም። በቡና ላይ የተባለ በሰፈር ይቀራል፤ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ የተባለ ከእንጦጦ እስከ ዋሽንግተን በአንድ ደቂቃ ይደርሳል። ኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አውጥታለች። ሕግ ግን የሚደርሰው በማስረጃ ወደሚያዘው ብቻ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተነገረው ፍርድ ሰው ስለ ተናገረው ከንቱ ቃል ሁሉ መልስ እንደሚሰጥ ይናገራል። ስለዚህ ክርስቲያን ጣቱን በስልኩ ላይ ሲያሳርፍም በአንደበቱ ላይ የተጣለው ግዴታ አብሮት አለ።

አርምሞና ኩርፊያ

የገዳም አባቶች ለአንደበት ያዘጋጁት ሥልጠና አርምሞ ይባላል፤ አስቦና ወስኖ ዝም ማለት ነው። ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ ዝምታን ከጸሎት ጋር አያይዞ በሰፊው ያስተምራል። መዝሙረኛው ዳዊት በመዝሙር 140 ለአፉ ጠባቂ፣ ለከንፈሩም በር እንዲደረግለት ይለምናል። የለመነው ግንብ አይደለም፣ በር ነው። ግንብ ምንም አያስገባም አያስወጣም። በር ግን የሚከፈትበት ጊዜ አለው፤ ጠባቂው የሚወጣውን አይቶ ያሳልፋል። ለምእመን አርምሞ ማለት ቀኑን ሙሉ መዘጋት ሳይሆን በቁጣና በመልስ መካከል አንድ ትንፋሽ ያህል መቆም ነው።

ዝምታ ሁሉ ግን አርምሞ አይደለም። ባል ወይም ሚስት ሦስት ቀን ሳይነጋገሩ፣ «ብላ» እና «እሺ» እንኳ በልጅ አፍ እየተላኩ ሲኖሩ ያ ኩርፊያ ነው። አርምሞ ሌላውን ከቃል ጉዳት ይጠብቃል፤ ኩርፊያ ሌላውን ያለ ቃል ይቀጣል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለዩት በሚያበቁበት ነው፤ አርምሞ በለሰለሰ ቃል ይከፈታል፣ ኩርፊያ ሌላው እስኪሸነፍ ይጠብቃል።

ሸክም የሚያወርድ ቃል

የማሰሩ ነገር ይህን ያህል ከተነገረ፣ የንግግር ትልቁ ክብር መፍታቱ ነው። ካህን በመንገድ ሲገኝ ምእመን መስቀል ተሳልሞ «ይፍቱኝ» ይላል፤ ካህኑም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላሉ። በንስሐ አባት ፊት ይህ በሙሉ ሥርዓቱ ይፈጸማል። ኃጢአት በልብ ተዘግቶ ሳለ ገመዱ አይታይም፤ በቃል ሲወጣ ጫፉ ይገኛል። ጫፉ ከተገኘ መፍታት ይቻላል።

ወላጅ ለልጁ የሚሰጠው ምርቃትም እንዲሁ ነው። ልጅ ለፈተና ወይም ለሩቅ አገር ሲነሣ «የወጣህበት ይቅናህ» ተብሎ ሲመረቅ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ «አሜን» ሲል፣ የቤቱ ፍቅር ስንቅ ሆኖ ይከተለዋል። በንዴት «አንተ ሰው አትሆንም» የተባለ ልጅም ያንኑ ያህል ይሸከማል። ወላጅ ቃሉን በማግሥቱ ሊረሳው ይችላል፤ ልጁ ግን 40 ዓመት ሊሸከመው ይችላል። ስለዚህ በቤት ውስጥ «አጥፍቻለሁ፣ ያን ማለት አልነበረብኝም» ማለት ከወላጅ ክብር አይቀንስም።

በአማራ ባህል ከባድ በደል የበደለ ሰው በሽማግሌዎች ታጅቦ ወደ ተበዳዩ ሲቀርብ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ያጎነብሳል። ሽማግሌዎቹ «ስለ እግዚአብሔር» እያሉ ይማጸናሉ። ተበዳዩ ልቡ ሲራራ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፤ ድንጋዩም ይወርዳል። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚሰማው «አውርጂኝ» እዚህ በሽማግሌዎች ፊት ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል። «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው ቃል በደሉ ትንሽ ነበር አይልም፤ ተበዳዩ አልተጎዳም አይልም። ይቅርታው ለማን እንደተሰጠ ብቻ ይናገራል። ለበዳዩ ሲባል ቢሆን ብዙ በደል ይቅር ለማለት ይከብድ ነበር፤ ለእግዚአብሔር ስለሆነ ተበዳዩ የማይገባውን ሰው መፍታት ይችላል። የፈታው ራሱም ከቂሙ ይፈታል።

የዓመቱ የንግግር ሒሳብ በጳጉሜ ይሠራል። ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ስለሆነ ሽማግሌ ይላካል፣ ስልክ ይደወላል፣ የተኳረፈ ይታረቃል። መስከረም 1 ቀን በቅዱስ ራጉኤል በዓል ከተራራው የሚወርዱ ምእመናን በየመንገዱ «እንኳን አደረሰዎት» ይባባላሉ። መልሱ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። በዚህ መልስ ውስጥ «አብሮ» የሚለው ቃል አለ፤ ከጠብ ጋር አንድ ላይ ሊነገር አይችልም። በልቡ ያሰረውን ያልፈታ ሰው ይህን ሲል ሰላምታው ሐሰት ይሆንበታል። ፈትቶ የሚናገረው ግን በሦስት ቃል ወንድሙን ተቀብሏል፣ ፈጣሪውንም አመስግኗል።